አዴ ከዲጃ እና ውሃ የጠጣው ድንጋይ

ወንድሜ ከጭሮ የድምፅ መልእክት ሲልክልኝ ከዝናቡና ከጫት ዋጋ ነው የሚጀምረው። ያን ቀን ግን ሰላምታም አላስቀደመም። «ሰዓዳ፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አዴ ከዲጃ ወደ አኼራ ሄደዋል። ዛሬ ከዙህር በኋላ ቀበርናቸው። የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ከቦርደዴም በሁለት ሚኒባስ ሙሉ መጥተዋል» አለ።

ማስካት በምሠራበት ስፌት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ልብሱን ከመርፌው ሥር ሳላወጣ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። መልእክቱን ደግሜ አዳመጥኩት። ሞታቸውን ለማመን ብቻ አልነበረም፤ የቦርደዴን ሰዎች ነገር ለመስማት ነው። እነማን እንደሆኑና ለምን ያን ሁሉ መንገድ እንደመጡ አውቃለሁ።

ውዱእ አድርጌ ዱዓ አደረግኩላቸው። ከዚያ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ስለ ሞተ ሰው መልካሙን መናገር ይገባል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ተሳሳቱበት ሳምንት ነው፤ ከእሳቸው ጋር ባሳለፍኳቸው ሰባት ዓመታት ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ያከበርኳቸው ጊዜ የለምና። ቢሰሙኝ የሚቆጡ አይመስለኝም።

አባቴ ጭሮ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከስልጤ አገር በወጣትነቱ መጥቶ እዚያው ያረጀ ሰው ነው። እኔ በሱቁ በረንዳ ላይ በእግር በምትረገጥ ስፌት መኪና እሰፋ ነበር። የበረንዳውን ሌላኛውን ጫፍ አዴ ከዲጃ ተከራይተው ድንጋይ ይሞርዱበት ነበር፤ «አዴ» በኛ አካባቢ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። በጭሮ ጫት የምትቋጥር፣ ቡና የምትለቅም፣ ሱቅ የምትይዝ ሴት ሞልታለች። ድንጋይ የምትሞርድ ሴት ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ከዓመታት በፊት ሴቶችን አደራጅቶ የጌጥ ድንጋይ መሞረድና መወልወል የሚያስተምር ሥልጠና መጥቶ ነበር አሉ። አሥራ ሁለት ሆነው ገቡ። ሥልጠናው ሲያልቅ አሥራ አንዱ ወደ ጫታቸውና ወደ ጉልታቸው ተመለሱ። አዴ ከዲጃ ብቻ አንዲት ትንሽ መሞረጃ ማሽን ተሸክመው መጡና አባቴን «ይህን ጥግ አከራየኝ» አሉት። «ምን ሊሠሩበት?» ሲላቸው «ድንጋይ» አሉ። አባቴ ለግንባታ የሚሆን ጠጠር መስሎት «በረንዳዬን አቧራ ሊያደርጉት ነው» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አሰበበት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር በመሞረጃው ተበልቶ ግማሹ የለም። ድንጋይ በፀሐይ ላይ አድርገው ሲያዩ ከኖሩበት የተነሳ አንደኛው ዓይናቸው ከሌላኛው ጠበብ ያለ ነው። ጭሮ መብራት ሲጠፋ፣ መቼም ሳይጠፋ አይውልም፣ የስፌት መኪናዬን ቀበቶ አውጥተው ከመሞረጃቸው ጋር ያገናኙትና «ሰዓዳ፣ ርገጪ!» ይሉኛል። እኔ እረግጣለሁ፣ እሳቸው ይሞርዳሉ። «ቀስ! ጋሪ አይደለም የምትጎትቺው።» ደግሞ ወዲያው፦ «ተኛሽ እንዴ?»

ከቡና ለቃሚ እስከ ባጃጅ ሹፌር ድረስ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ይዞ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። ልማዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ድንጋዩን ይቀበሉና አጠገባቸው ካለው የውሃ ጆግ ውስጥ ይነክሩታል። «ከመንገድ የመጣ እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ ፊቱን ይታጠብ» ይላሉ። እውነትም አቧራ ለብሶ የመጣ ድንጋይ ሲርስ መልኩ ይወጣል፣ መስመሩ ይታያል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያነሱትና ጠባቡን ዓይናቸውን ይበልጥ ያጠቡታል።

አንድ ጊዜ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀይ ስባሪ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አዴ፣ ሩቢ! ወላሂ ሩቢ ነው!»

ነከሩት፣ አዩት፣ መለሱለት። «ይሄ ሩቢ ከሆነ ባጃጅህ ወርቅ ናት። ሂድ የኋላ መብራትህን አስጠግን፣ ትራፊክ ሳይዝህ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ሰውን በባዶ አይመልሱም ነበር። ስለያዘው ነገር አንድ ነገር አስተምረውት ነው የሚሸኙት። ባልጩት ላመጣ፦ «እሳተ ገሞራ ተፍቶት ቶሎ የቀዘቀዘ ነው፣ ፍሬው ለመደርደር ጊዜ አላገኘም። ያምራል። ግን ታች መኤሶ ስትወርድ በጫማህ የምትረግጠውን ማን ይገዛሃል?» ኳርትዝ ላመጣ፦ «ይሄ አልቸኮለም። ትኩስ ውሃ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ እያለፈ ጥቂት ጥቂት ጥሎለት ነው ያደገው። ለዚህ ነው ጥግ ጥጉ የተስተካከለ።» ሐምራዊ ኳርትዝ የመጣ ቀን ደግሞ እኔን ጠሩኝ። «ሚስማር ላይ ዝገት የምትይውን ብረት ታውቂያለሽ? እሱው ነው ትንሽ ገብቶ እንዲህ ያደረጋት። ብዙ ቢገባ ኖሮ ትበላሽ ነበር።»

እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ድንጋይ ገንዘብ መክፈል ይከነክነኝ ነበር። ሰው ስንት የሚራብበት አገር ላይ ጌጥ መግዛት ከንቱ አይደለም ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ሥራቸውን አላቆሙም።

«ድንጋዩ ዋጋውን አያውቅም» አሉኝ። «ዋጋ የሰው ነገር ነው። ማማሩ ከአላህ ነው። ብርቅ መሆኑ ከአላህ ነው። እጅ ላይ ብዙ ዘመን ሳይሰበር መቆየቱም እንደዚያው። የኛ ድርሻ እሱ ላይ ውሸት አለመጨመር ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ትከብዳለች።»

ኦፓል የሚባለውን ድንጋይ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሠልጣኛቸው ለማሳያ ብላ ያመጣቻት የተወለወለች አንዲት ፍሬ ነበረች። ግን ስለ እሷ ሲያወሩ አይጠግቡም። «ዝናብ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ከአመዱ የጠርሙሱን ነገር ያሟሟል። ከዚያ ክፍተት ያገኝና ይተኛል። የሟሟው በዓይን የማይታይ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይዘቅጣል። ፍሬው እንደ ተመረጠ ማሽላ እኩል እኩል ሆኖ ከተደረደረ ብርሃን በመካከሉ ሲያልፍ ይሰበራል፤ ድንጋዩን ባገላበጥሽው ቁጥር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይፈነጥቃል። ይህን እሳት ይሉታል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ ከተደባለቀ ግን እሳት የለውም። ነጭ ነው፣ አለቀ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«እኔ እንጃ። አንድም ሰው ሳይኖር ነው የጀመረው።»

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሜ የሚባል ገበሬ መጣ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ከቦርደዴ በላይ ካለው ገደል ሥር ነው የሚኖረው። በእርጥብ የማሽላ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ዙርባ ጫት አቅፎ፣ ውሃው በክርኑ ላይ እየተንጠባጠበ በረንዳው ላይ ቆመ።

አባቴ «ልጄ፣ እዚህ ጫት አንገዛም» አለው።

«አባባ፣ ጫት አልሸጥም» አለና ዙርባውን ፈታው። ከቅጠሉ መሃል እንቁላል የምታክል ድንጋይ አወጣ። እንደ በረዶ ጥርት ያለች ነበረች።

አዴ ከዲጃ ሳቁ። «ከመቼ ወዲህ ነው ድንጋይ ጫት ውስጥ የሚያድረው?»

«አዴ፣ አገራችን ሙቀቱን ታውቂዋለሽ» አለ። የሙሜ አማርኛ የገበያ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል፤ እሳቸውም አይከፋቸውም። «የመጀመሪያዋን ድንጋይ ጣራ ላይ ፀሐይ አስመታኋት፤ ቷ ብላ ተሰነጠቀች። ከዚያ አሰብኩ። ጫት እንዳይጠወልግ ምን ታደርጊያለሽ? እርጥብ ቅጠል ታለብሺዋለሽ። ሌሎቹን ሁሉ ቅጠል አልብሼ እንስራ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፈክፋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሰነጠቀ።»

«ጎበዝ» አሉት። እኔም በልቤ ጎበዝ ብዬው ነበር።

ሙሜ ቁጭ ብሎ ጉዳዩን አወጣው። ማሽላው በድርቅ ቀርቷል። እሱና ሚስቱ አርባ ቀን ገደሉን ቆፍረው አንድ ጆንያ ድንጋይ ሰብስበዋል። ቶፊቅ የሚባል ደላላ ጆንያውን እንዳለ በሁለት ፍየል ዋጋ እወስዳለሁ ብሎታል። «ዋጋ ያለው ነገር ከሆነ አልሰጠውም፣ ቁፋሮዬን እቀጥላለሁ። ከሌለው ሐሙስ ይወስደዋል። አርብ በዚያ ብር ከሰፈራችን ልጆች ጋር ታህሪብ እወጣለሁ።»

ታህሪብ በጂቡቲ በኩል፣ በጀልባ፣ ያለ ወረቀት ወደ ዐረብ አገር መሻገር ነው። በኛ አካባቢ ይህን ቃል ሲሰማ የማይደነግጥ እናት የለችም። አባቴ ሜትሩን አስቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ባሕሩን አይተኸዋል?»

«አባባ፣ ማሽላዬን አይተኸዋል?»

አባቴ ሜትሩን መልሶ አነሳ።

አዴ ከዲጃ ድንጋይዋን እንደ ልማዳቸው ጆግ ውስጥ ነከሯት። ወደ ፀሐይ አነሷት። አገላበጧት። መብራት ስላልነበረ እኔ እየረገጥኩላቸው ጥጓን ትንሽ ሞረዷት፤ ስባሪ ተፈናጥሮ የት እንደገባ አላየንም። እንደገና ነከሯት፣ እንደገና አዩ። እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያዩ አይቼ አላውቅም። ሙሜ አፋቸውን አፋቸውን ያያል።

«ሙሜ፣ አልዋሽህም» አሉት በመጨረሻ። «የኦፓል ዘር ናት። እሳት ግን የላትም። እሳት ከሌላት ከጠርሙስ አትለይም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም እንዲህ ጥርት ያሉ ከሆኑ ስጠው።»

ሙሜ ድንጋይዋን ወደ ጫቱ መለሳት፣ አመስግኖ ሄደ። አዴ ከዲጃ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በዚያ ሳምንት የሠርግ ቀሚስ ይዤ ነበር፤ አንገቱና እጅጌው በዶቃ የሚሞላ። የሰው ዕቃ አማና፣ አደራ ስለሆነ አንድ ዶቃ እንኳ ቢወድቅ እፈልጋለሁ። ማክሰኞ ቁርጥራጭ ጨርቁን ስጠርግ ከክሩ መሃል አንዲት ነገር አብለጨለጨች። የምስር ክክ ታክላለች። አረንጓዴ ናት ስል ቀይ ሆነች፤ ቀይ ናት ስል ወርቅማ። ከቀሚሱ ዶቃ አንዷ መሰለችኝና «አልሐምዱሊላህ» ብዬ መርፌ አነሳሁ። ቀዳዳዋ የለም። አገላበጥኳት፣ በምላሴ ዳሰስኳት፣ የለም።

«አዴ፣ ነጋዴው ሸወደኝ!» አልኩ። «ቀዳዳ የሌለው ዶቃ ሸጦልኛል።»

እየሳቁ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ከየት አመጣሻት?»

«ከመሬት፤ ከጨርቁ ውስጥ።»

ወደ መሞረጃው አዩ፣ ወደ ወለሉ አዩ። ጆግ ውስጥ ጣሏት። አባቴም መጥቶ ከበላያችን ቆመ። አንድ እጅጌ በምሰፋበት ጊዜ ውስጥ እሳቷ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። ጥርት ያለች ጠብታ ሆነችና ውሃው ውስጥ የት እንዳለች እንኳ መለየት አቃተን።

«ያ ረቢ» አሉ አዴ ከዲጃ።

በጣታቸው ዳብሰው አወጧትና ደረቅ ሳህን ላይ አስቀመጧት። ሳህኑን እኔ ቤት ወሰድኩት። ለፈጅር ስነሳ ድንጋይዋ እንደ ጥርስ ነጭ ሆና አገኘኋትና ደነገጥኩ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ግን፣ ሦስታችንም እያየን፣ ከጥጓ አንዲት ቀይ ነጥብ በራች፤ ከዚያ ሁሉም ተመለሰ።

«ይጠጣል» አሉ። «ሰዓዳ፣ ይሄ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። በፍሬዎቹ መካከል በዓይን የማይታይ ባዶ ቦታ አለው። ውሃው ያን ሲሞላው ብርሃኑ የሚሰበርበት ያጣል። ልጁ አርባ ቀን ሙሉ ሲያጠጣው ኖሯል። እኔ ደግሞ…» ጆጉን አዩት። «እኔ ደግሞ መጀመሪያ የማደርገው ማጠብ ነው።»

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ አፍራለሁ። «አዴ፣ አውቀው አላጠፉም። ባለማወቅ የሆነውን አላህ ይምራል» አልኳቸው። ልክ የሆነ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሜ አላወቅኩም ነበር» አሉኝ። «ዛሬ አውቄያለሁ።»

«ግን ሰው ከሰማ ድንጋይ የሚያመጣልዎት አይኖርም።»

«አያምጣ።»

የሙሜን ስልክ ደጋግመን ሞከርን፤ ዝግ ነው። አዴ ከዲጃ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ። «ፊቱን እያየሁ ነው ስጠው ያልኩት። ፊቱን እያየሁ ነው የምመልሰው» ብለው ስባሪዋን በጥጥ ጠቅልለው ክብሪት ሳጥን ውስጥ ከተቷት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አብረሻቸው ሂጂ፤ ቀሚሱን ለባለቤቷ እኔ አስረዳለሁ» አለኝ። ቶፊቅ ጆንያውን የሚወስደው ሐሙስ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም ነበር።

ሚኒባሱ ከጭሮ ብርድ ወደ መኤሶ፣ ከመኤሶ ወደ አሰቦት፣ ከዚያ ወደ ቦርደዴ ባወረደን ቁጥር ሻሻችንን እያላላን ሄድን። ከቦርደዴ አንድ ሰዓት በእግር ነው። አስር ሰዓት አካባቢ ስንደርስ ሙሜ በሩ ላይ ጆንያውን እየቋጠረ ነበር። ሚስቱ ነፊሳ ከጀርባው ቆማለች፤ ፊቷ ላይ የአርብ ቀን ተጽፏል።

አዴ ከዲጃ አልተቀመጡም። የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ ከመቀበላቸው በፊት፦

«ሙሜ፣ ተሳስቻለሁ። ስጠው ያልኩህን ቃል መልሼ ወስጃለሁ።»

ክብሪት ሳጥኑን ከፈቱ። ሙሜ ስባሪዋን አየ፣ ጆንያውን አየ።

«ይቺ ከኔ ናት?»

«ካንተ ናት።»

«ታዲያ የኔዎቹ ለምን እንዲህ አይሆኑም?»

«ውሃ ጠጥተዋል። መድረቅ አለባቸው።»

ሙሜ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። «ቅዳሜ ጠርሙስ ነው አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ ግመል ነው?»

ነፊሳ ግን በኦሮምኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ስንት ቀን?»

«ትልልቆቹ አራት፣ አምስት። ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብለው። ከተቸኮለ ይሰነጠቃሉ።»

«እሱ አርብ ነው የሚሄደው» አለች ነፊሳ፤ እኛን ሳይሆን መሬቱን እያየች።

ሐሙስ ጠዋት ቶፊቅ በሞተር ብስክሌት መጣ። ጎረቤትም ተሰበሰበ። አዴ ከዲጃ በሰው ሁሉ ፊት የተናገሩትን ደገሙት፤ ተሳስቻለሁ፣ ድንጋዩ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፣ ሳይደርቅ አይሸጥ።

ቶፊቅ ወደ ሰዉ ዞረ። «ቅዳሜ የፈረዱት እሳቸው፣ ዛሬ የሚያፈርሱት እሳቸው። አዴ፣ ነገስ?»

«ነገም ከተሳሳትኩ ነገም እዚሁ ነኝ» አሉት።

«ሲሞርዱ ሲሞርዱ ዓይንዎት አለቀ፣ አዴ። ሙሜ፣ ብሩ ይኸው። ነገ መንገደኛ ነህ፤ የምትፈልገው ብር ነው ወይስ ተረት?»

ሙሜ እጁን ወደ ጆንያው ሰደደ። ነፊሳ ቀደመችው፤ ጆንያውን ጀርባዋ ላይ አንስታ በሩ ላይ ቆመች። «ስትቆፍር ውሃና አፈሩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ግማሹ የኔ ነው። ያንተን ግማሽ ሽጥ።»

ቶፊቅ ግማሽ አልፈልግም ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሙሜ ድንጋዩንም አልሸጠ፣ የመንገዱንም ብር አላገኘ።

ድንጋዮቹን ቤት ውስጥ ነፋስም እሳትም በማይነካው ጥግ፣ አንሶላ ላይ ዘረጋናቸው። አዴ ከዲጃ አጠገባቸው ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ለሶላትና ለውዱእ ካልሆነ አልተነሱም። ሙሜ ይገባል፣ ይወጣል። «ምድጃው ዳር ላድርጋቸው? ትንሽ ብቻ!»

«የመጀመሪያዋን ምን እንዳደረግካት ረሳህ?»

አርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ በኩል አለፉ። አምስት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፌስታል ይዘዋል። ሙሜን ጠሩት። አጥሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሲመለስ ድንጋዮቹ ነጭ ሆነው ጠበቁት፤ ጥራታቸው ጠፍቶ፣ እሳትም የለ፣ ድፍን ነጭ።

«ጠመኔ!» ብሎ ጮኸ። «ጠመኔ አደረግሽው! ድንጋዬንም መንገዴንም ወሰድሽብኝ!»

እኔ ትንሿም እንዲህ ነጭ ሆና እንደነበር ልነግረው አፌን ስከፍት አዴ ከዲጃ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። «ልክ ነህ» አሉት። «መንገድህን ወስጃለሁ። ስለዚህ እኔም አልሄድም። ይህ ነገር እስኪለይ ከዚህ ምንጣፍ ላይ አልነሳም።»

ሙሜ ወጣ። ነፊሳ ቀረች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ማሽላ እየለቀመች ድንገት ቀና አለች።

«አዴ፣ አሁንስ እንዳልተሳሳትሽ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አሉ። «ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይና አንቺው እይ።»

ሁለቱ ከዚያ ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አዴ ከዲጃ ከወንፊቷ ላይ ማሽላ አፍሰው እኩል እኩሉን ደረደሩላት፣ ከዚያ ትልቅና ትንሹን ደባልቀው አፈረሱት። ስባሪዋን አስያዟት፤ በደረቁ አሳዩአት፣ ነክረው አሳዩአት። ስንጥቅ በጥፍር እንዴት እንደሚዳሰስ፣ እሳት ከአንድ ወገን ብቻ የምትሰጥ ድንጋይ እንዴት እንደምታታልል። ነፊሳ ፊደል አታውቅም። ግን አንድ ጊዜ ያየችውን ሁለተኛ አትጠይቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዴ ከዲጃ የዐስርን ሶላት እየሰገዱ ነበር። ሱጁድ ላይ፣ ግንባራቸው መሬት ነክቶ ሳለ፣ ነፊሳ ጉልበቴን ጨበጠችው። ድምፅ አላሰማችም። ሶላታቸውን ላለማቋረጥ ብላ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገባ ጨበጠችኝ። በጣቷ ወደ አንሶላው አሳየችኝ። ከድንጋዮቹ አንዱ ጥጉ ላይ፣ ነጩ ውስጥ፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። አዴ ከዲጃ ሰላምታቸውን እስኪጨርሱ ያቺን ነጥብ እያየን ሁለታችንም እንባ በእንባ ሆንን።

አይተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ በላይ አልተደሰቱም፤ ወይም አላሳዩንም። እስኪመሽ ሌሎቹም በየተራ በሩ፤ እሳቸውም መምረጥ ጀመሩ። የተሰነጠቀው ብዙ ነበር። ከነጭነት ያልተመለሰም ብዙ ነበር፤ እሱ ከመጀመሪያውም እሳት አልነበረውም። ያቺ ጭሮ ድረስ የመጣችው እንቁላል የምታክለው ድንጋይ የጫቱን ጭማቂ ጠጥታ ውስጧ ጠይሟል፤ እሳቷ ከአረንጓዴ ጭጋግ በስተጀርባ ይታያል፣ ሊወጣ ግን አልቻለም። «የዚህች ጥፋት የኔም ያንተም ነው» አሉት ለሙሜ። አሥራ አንድ ድንጋይ ግን ንጹሕ ወጣ። ሙሜ አሥራ አንዱን አየና ራሱን ይዞ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። «ባሕር ላይ ነበርኩኮ» አለ። «ዛሬ ባሕር ላይ ነበርኩ።»

ወሬ ይፈጥናል። ሰኞ ጠዋት ቶፊቅ መጣ፤ ድምፁ ማር ሆኗል። ከአንሶላው ላይ ትልቋን አነሳ።

«ይቺን ብቻ በጥሩ ዋጋ ልውሰዳት። ትንንሾቹን ምርቃት አድርጉልኝ።»

ሁላችንም አዴ ከዲጃን አየን። እሳቸው መቁጠሪያ ዶቃቸውን፣ መስበሐቸውን፣ እየቆጠሩ ነበር፤ ቀና አላሉም። ሆን ብለው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ነፊሳ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ድንጋይዋን ከቶፊቅ እጅ ወሰደች።

«ይቺ ጎኗ ላይ ስንጥቅ አላት። ዳስሰው» አለችው። «ምርቃት ያልካት ትንሿ ግን በየትም ብታዞራት ትበራለች። ትልቅ እየፈለግክ መስለህ ትንሽ ፈላጊ ነህ። ደግሞ ወረዳ ሄደን ከጎረቤቶቻችን ጋር የማኅበር ፈቃድ ሳናወጣ አንዱም አይሸጥም።»

ቶፊቅ ወደ ሙሜ ዞረ። «ሚስትህ ናት የምታናግረኝ?»

«እሷን ጠይቅ» አለ ሙሜ። «እኔ ዓይኔን አላምነውም።»

ቶፊቅ ሲሄድ አዴ ከዲጃ መስበሐቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከአንሶላው ጥግ፣ ገና ግማሽ ጎኗ ነጭ የሆነች አንዲት ድንጋይ አንስተው ለነፊሳ አቀበሏት።

«ይቺስ? ዋጋ አላት?»

ነፊሳ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደቻት። አገላበጠቻት። በጥፍሯ ዳሰሰቻት። እኔ ያየሁት እሳት እሷም እንዳየችው አውቃለሁ፤ ትልቅ ነበር፣ የሚያጓጓ ነበር። አንድ ጊዜ ደግማ አገላበጠቻት።

«አላውቅም» አለች። «ገና አልደረቀችም።»

አዴ ከዲጃ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። መሬቱን ተደግፈው ከምንጣፉ ላይ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ሰዓዳ፣ ተነሺ» አሉኝ። «አሁን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»